ስድስተኛው ቅዳሜ፦ ሳንታ ማሪያ ዴል ማርን በእርሳስ

ሰላም ለሁላችሁ። የጎቲክ አሠራርን፣ ያን የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ የሕንፃ ስልት፣ እየሳልኩ ልማር ብዬ ባርሴሎና ሪቤራ ሰፈር ያለችው ሳንታ ማሪያ ዴል ማር ቤተክርስቲያን መመላለስ ከጀመርኩ ይኸው ስድስተኛ ቅዳሜዬ ነው። ዛሬ ሴክሽኑ፣ ማለትም ሕንፃው ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ቢታይ የሚመስለው ሥዕል፣ ገባኝ። ደስታው ሳይበርድልኝ ልጻፍላችሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቅዳሜዎች አልሆኑልኝም። ጎቲክ ሲባል በሐሳቤ የሚመጣው የፈረንሳዩ ዓይነት ነበር፤ መሐሉ ሽቅብ የወጣ፣ ግራና ቀኙ ዝቅ ያለ፣ ከውጭ ደግሞ አየር ላይ በተዘረጉ የድንጋይ ቅስቶች የተደገፈ። እሱን ይዤ መሐሉን ከፍ አድርጌ እስላለሁ፣ ቀና ብዬ ሳይ የጎኖቹም ጣሪያ ብዙ አይርቀውም። ላጲስ። ደግሞ እጀምራለሁ፣ ደግሞ አይገጥምም።

አራተኛው ቅዳሜ ላይ እርሳሱን አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ያኔ ነው ዓምዶቹን በደንብ ያየኋቸው። ስምንት ማዕዘን ናቸው፣ ጌጥ የላቸውም፣ ውፍረታቸው 1.6 ሜትር ገደማ ነው። ከአንዱ ዓምድ እስከ ሌላው ግን ወደ 13 ሜትር ይሆናል! በዚያ ዘመን ዓምድን ከዓምድ እንዲህ ማራራቅ ትልቅ ድፍረት ነው። ሥሩ ቆማችሁ ስታዩት ሦስት ክፍል ያለው ቤት ሳይሆን አንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ የገባችሁ ነው የሚመስላችሁ። የካታላን (የባርሴሎና አካባቢ) ጎቲክ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ከቁመት ይልቅ ስፋትን ይፈልጋል።

ታዲያ ያን ሁሉ ጣሪያ ምን ይዞት ነው? እኔን ያስቸገረኝ ይሄ ነበር። የድንጋይ ቅስት ወደ ታች ብቻ አይጫንም፣ ወደ ጎንም ይገፋል። እዚህ የጎኖቹ ጣሪያ ከመሐሉ ጋር ስለሚቀራረብ መሐለኛውን ራሳቸው ደገፍ ያደርጉታል፣ ግፊቱንም ተቀብለው ውጭው ግድግዳ ላይ ላሉት ወፋፍራም የድጋፍ ግንቦች ያስተላልፋሉ። በድጋፍ ግንቦቹ መካከል የተረፈውን ቦታ ደግሞ ትንንሽ የጸሎት ክፍሎች አደረጉት፣ በየመሐሉ ሦስት ሦስት። ለዚህ ነው ከውጭ ሲታይ ደልዳላ፣ ጭምት ግንብ የሚመስለው። መሐለኛው ጣሪያ በጥቂቱ ስለሚበልጥ በዚያች ልዩነት ላይ ክብ ክብ መስኮቶች አስገብተውባታል፣ ብርሃን ከላይ የሚገባው በነሱ ነው። ይሄን እንደተረዳሁ ሴክሽኑን ዛሬ በአንድ ቁጭታ ጨረስኩት።

ታሪኩንም ጎን ለጎን እያነበብኩ ነው። የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1329 ነው፤ ሥራውን የመሩት በሬንጌር ዴ ሞንታጉት እና ራሞን ዴስፑች ናቸው። በ1383 አለቀ። 54 ዓመት ረጅም ይመስላል፣ ግን እዚያው ባርሴሎና ያለው ካቴድራል በ1298 ተጀምሮ የፊት ገጹ የተጠናቀቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ሳንታ ማሪያ በአንድ ትንፋሽ የተሠራች ያህል ወጥ የሆነችው ቶሎ ስላለቀች ነው።

ደግሞ የንጉሥ ወይም የመኳንንት ብቻ ሥራ አይደለችም። የሰፈሩ ነጋዴዎች፣ መርከበኞችና ሠራተኞች ገንዘባቸውንም ጉልበታቸውንም ሰጥተውባታል። የወደቡ ተሸካሚዎች፣ በካታላን ባስታሾስ ይባላሉ፣ እኛ ኩሊ የምንላቸው ማለት ነው፣ ከሞንጁይክ ተራራ የተፈለጠውን ድንጋይ በጀርባቸው አመላልሰዋል። ዋናው በር ላይ ከነሐስ የተሠሩ ትንንሽ ተሸካሚዎች አሉ። አንዱን በቅርብ ሳልኩት። ጀርባው ጎብጧል፣ ሸክሙ አንገቱን ወደ ፊት ገፍቶታል፣ ጉልበቱ እጥፍ ብሏል። ብዙ ሰው ቀና ብሎ ማማዎቹን እያየ በሱ በኩል ያልፋል። ወደዚያ የምትመጡ ካላችሁ እባካችሁ ከመግባታችሁ በፊት እሱን እዩት።

የምዕራቡ ትልቅ ክብ መስኮት የመጀመሪያው አይደለም። ያ በ1428 የመሬት መንቀጥቀጥ ወድቆ ሰው ገድሏል፤ አሁን ያለው በዚያው ክፍለ ዘመን የተተካው ነው።

አንድ ነገር ግን ሐሳቤን ቀይሮታል። እኔ ከሁሉ የወደድኩት ባዶነቱን ነው፣ ያን ዓይን የሚያሳርፍ ጌጥ አልባ ድንጋይ። ለካ እስከ 1936 ድረስ እንዲህ አልነበረም። ትልቅ የባሮክ (ጌጥ የሚበዛበት የኋላ ዘመን ስልት) መንበርና የመዘምራን መቀመጫ ነበረው። በዚያ ዓመት ሐምሌ፣ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲፈነዳ፣ ቤተክርስቲያኑ ተቃጠለ፤ እሳቱ 11 ቀን ቆየ። ዛሬ የምናየው ባዶ ቦታ ግማሹ የግንበኞቹ፣ ግማሹ የዚያ እሳት ነው። ይሄን ካወቅሁ በኋላ እዚያ መቀመጥ እንደበፊቱ ቀላል አልሆነልኝም፤ ስፋቱን ስስል የጠፋውንም አብሬ አስባለሁ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ መቅደሱ ዙሪያ እዞራለሁ። እዚያ ዓምዶቹ ተጠጋግተው ግማሽ ክብ ይሠራሉ፣ ከላያቸው የሚነሡት የጣሪያ ጅማቶችም፣ ማለትም ጣሪያውን የሚይዙት ቀጫጭን የድንጋይ ቅስቶች፣ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ከሥር ሆኖ ሲታይ የእያንዳንዱ ጅማት ኩርባ ይለያያል። እንዲህ ያለ ጣሪያ የሳላችሁ ካላችሁ ከየት ነው የምትጀምሩት፣ ከዓምዱ ራስ ወይስ ጅማቶቹ ከሚገናኙበት ድንጋይ? እኔ ከላይ ልጀምር አስቤያለሁ።