አራተኛው መሐላ

የጊቤን በረሃ አልፈን ጅማ ስንገባ ዘንቦ አባርቶ ነበር። አብሮ አደጌ መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቀኛል። ያ የሰፈራችን ልጅ አሁን አባ ሆኗል። «እንደምን አሉ?» ስለው ከፋው። «አንተ በለኝ እባክህ» አለኝ።

ላዛሪስት ነው። ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል እ.ኤ.አ. በ1625 ፓሪስ ላይ የመሠረተው የካቶሊክ ማኅበር አባል። ወደ አገራችን ማኅበሩን ይዞ የመጣው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ሲሆን ጊዜው እ.ኤ.አ. 1839 ነበር። በምግብ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ግን ዓይኔ ያረፈው በአባ ገብረ ሚካኤል ሥዕል ላይ ነው። የጎጃሙ መነኩሴ፣ እውነትን ፍለጋ ሮም ድረስ የሄዱት፣ እ.ኤ.አ. በ1855 በሰንሰለት እንደታሰሩ ያረፉት። እህሉ ሲቀርብ ሁሌ ከፊት ለፊቴ ናቸው። ጉርሻው ይከብድሃል።

ገና ጎህ ሳይቀድ ለጸሎት ይነሳሉ። ቅዳሴው በላቲን ሥርዓት ነው። የግዕዙን ለለመድኩት ለእኔ ቶሎ አለቀ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት አሮጊት ለመጠየቅ ሄድን። እስላም ናቸው፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እሱ «አዴ» እያለ በኦሮምኛ ያወራቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ ለእኔ ሲሉ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። ባለሦስት እግር በርጩማ ሰጡኝና ቡና ቆሉ። እሱ መዶሻ ይዞ የበሩን ማጠፊያ ያበጃል። ስለ ሃይማኖት አንድም ቃል አልተነሳም።

መንገድ ላይ ስለ መሐላቸው ነግሮኝ ነበር። ድህነት፣ ንጽሕናና መታዘዝ የገዳማውያንም ናቸው። እነሱ አራተኛ አላቸው፤ ጽናት። ዕድሜ ልክ ድሆችን ማገልገል። እኔም «እንግዲያው ከጅማ አትሄድም ማለት ነው» አልኩት፤ ደስ ብሎኝ። «ቦታውንማ አለቃ ነው የሚወስነው። የምጸናው ለሰዎቹ ነው፤ የትም ብላክ እነሱን እፈልጋለሁ» አለኝ። ያኔ ሐሳቡ በደንብ አልገባኝም።

አሮጊቷ ሁለተኛውን ቡና ሲቀዱ ቀና ብለው አዩት።

«አባ፣ እንደ በፊተኛው አባ አንተንም ያዛውሩሃል?»

መዶሻው ቆመ። «ከላኩኝ እሄዳለሁ፣ አዴ።»

ዝም አሉ። ስኒውን አቀበሉት።

«እንግዲያው በሩን አጥብቀህ ሥራው» አሉት።