በመዝገቡ ላይ ሁሉም «ለማንበብ» ነበር የሚለው

ደሴ ውስጥ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ቦርሳ እየተቀበልኩ፣ ቁጥር እየሰጠሁና መዝገብ እያስሞላሁ ዓመታት አሳልፌያለሁ። መዝገቡ «የመጡበት ምክንያት» የሚል ዓምድ አለው። የመጀመሪያው ሰው «ለማንበብ» ብሎ ይጽፋል፤ ከእሱ በታች ያለው ሁለት ጭረት ብቻ ያደርጋል፤ ጭረቱ እስከ ገጹ ግርጌ ይወርዳል።

በ2017 ዓ.ም. አለቃዬ «ሰው ለምን እንደሚመጣ ሪፖርት አምጣ» ሲሉኝ፣ ከዚያ ሁሉ ገጽ ያገኘሁት አንድ ቃልና ብዙ ጭረት ነው።

ስለዚህ ራሴ መቁጠር ጀመርኩ። በአንድ ሉክ ላይ፣ የሚገባው ሰው በእጁ ምን እንደያዘና የት እንደተቀመጠ ምልክት አደርጋለሁ። መጀመሪያ የቆጠርኩት ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ብቻ ነበር፤ ውጤቱም «ሕዝቡ የሚመጣው ለጋዜጣ ነው» የሚል ሆነ። ስህተት ነበር። በዚያ ሰዓት የሚመጡት አዲስ ዘመንን እየተቀባበሉ የሚያነቡ ጡረተኞች ናቸው። ከ10 ሰዓት በኋላ ስቆጥር ከመደርደሪያ አንድም መጽሐፍ የማይነኩ ወጣቶች ሞሉት፤ የሚፈልጉት ጠረጴዛ፣ መብራትና ጸጥታ ነው። እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። «የራሱን ወረቀት ይዞ የሚመጣ አይግባ» የሚል ሐሳብ በሪፖርቱ ላይ ልጽፍ ሁሉ አስቤ ነበር።

ያስቆመኝ አንድ ልጅ ነው። በ2011 ዓ.ም. ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሒሳብ ወረቀቶች ታቅፎ ግድግዳው ጥግ ይቀመጥ ነበር። በ2016 ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ፣ ያን ጊዜ ገና አንድ ዓመት የሆነውን የመውጫ ፈተና ሊዘጋጅ እዚያው ወንበር ላይ ተመለሰ። አሁን የጋዜጣውን የክፍት ሥራ ማስታወቂያ በደብተሩ ይገለብጣል። «ዛሬስ ምን አመጣህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ቤት ስውል እናቴ ታዝናለች። እዚህ ስመጣ ሥራ ላይ ያለሁ ይመስላታል።»

በመዝገቡ ላይ ግን የሞላው «ለማንበብ» ነው።

በ2014 ጦርነቱ ከከተማችን ከወጣ በኋላ በሩን ስንከፍት የመጡትም ትዝ አሉኝ። አንድ አባባ ጋዜጣ እንደሌለ ብነግራቸውም ገብተው ተቀመጡ፤ ዙሪያቸውን እያዩ ማን ተረፈ፣ ማን ተሰደደ እያሉ ይጠይቁ ነበር።

ዓምዱን አለቃዬ ፈቅደው ሰረዝኩት። አሁን በወር አንድ ቀን ከመክፈቻ እስከ መዝጊያ እቆጥራለሁ፤ የምጠይቀውም ሲገቡ ሳይሆን ቦርሳቸውን ሲረከቡ ነው፦ «ዛሬ ምን ሠርተው ወጡ?» ሲገባ የሚቸኩል ሰው ሲወጣ ምላሱ ይፈታል። ዕቃ ግምጃ ቤት ተቆልፎባቸው የነበሩ ሁለት ጠረጴዛዎችም ወደ መስኮቱ ተዛወሩ።

ባለፈው ሳምንት ልጁን ጠየቅኩት። ሁለት ማመልከቻ ጽፏል፤ አንድ ልብ ወለድም ጀምሯል።

«ያቆምኩበት እንዳይጠፋብኝ ገጹን አጠፍኩት» አለኝ።

ገጽ ማጠፍ ክልክል መሆኑን ነግሬ ቁጥሩን ተቀበልኩት።