ሱሪዬን ይዤ አቶ ልብስ ሰፊ ዘንድ

ፍራንክፈርት በገባሁ በሁለተኛው ወር የአጎቴ ልጅ ሠርግ ደረሰ። ለሠርጉ የገዛሁት ሱሪ ከቁመቴ ግማሽ ስንዝር ይተርፋል። ልብስ ሰፊ ፍለጋ ስወጣ፣ የምኖርበት ሕንፃ በር ላይ ከተደረደሩት ደወሎች አንዱ «ሽናይደር» የሚል ጽሑፍ እንዳለበት አየሁ። በዚያው ሳምንት ቋንቋ ትምህርት ቤት የሙያ ስሞችን ተምረናል፤ ሽናይደር ማለት ልብስ ሰፊ ነው። ከላዩ «ሙለር»፣ ባለ ወፍጮ። ከጎኑ «ሽሚት»፣ ቀጥቃጭ። አራተኛ ፎቅ «ኮህ»፣ ምግብ አብሳይ። ገበያው ሁሉ ደረጃዬ ላይ ሰፍሮ ኖሯል! ተደስቼ ደወልኩ።

አንድ ሽበታም አዛውንት ከፈቱልኝ። ሱሪውን ከፍ አድርጌ ይዤ፣ «እባክዎ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ይጠርልኝ» አልኳቸው።

ሱሪውን አዩት። እኔን አዩኝ። መልሰው ሱሪውን አዩት።

«እኔ ጡረታ የወጣሁ የጥርስ ሐኪም ነኝ» አሉ። «በሕይወቴ የሰፋሁት ድድ ብቻ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እርሳቸው ግን ጎትተው አስገቡኝና ቡና ቀዱልኝ፤ ያልገባኝን ወረቀት ላይ እየሣሉም አስረዱኝ። ከ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከተሞች እየሰፉ ሲሄዱ፣ በየሰፈሩ ዮሐንስ የሚባለው ሰው በዛ። መዝጋቢው «ልብስ ሰፊው ዮሐንስ»፣ «ባለ ወፍጮው ዮሐንስ» እያለ ለየው። ውሎ አድሮ መርፌ ነክቶ የማያውቅ ልጅም የአባቱን ሙያ በስም ወረሰ። ዛሬ በጀርመን እጅግ የበዙት የቤተሰብ ስሞች ሙለር፣ ሽሚትና ሽናይደር ናቸው፤ ልክ እንደ እኔ ደረጃ።

ቀጥቃጩማ አውሮፓን አዳርሷል፦ እንግሊዝ ስሚዝ፣ ፈረንሳይ ለፌቭር፣ ሃንጋሪ ኮቫች፣ ሩሲያ ኩዝኔትሶቭ። በየመንደሩ ማረሻና የፈረስ ጫማ የሚሠራ አይታጣምና። እኛ ባለሙያውን «ቡዳ» እያልን ስንሸሸው፣ እነርሱ ስሙን ለልጅ ልጅ አወረሱት። ፌራሪም የመጣው ከዚያው ከብረት ሥራ ነው። የመኪና እሽቅድምድም ጀግናው የሹማከር ስም ደግሞ ጫማ ሠሪ ማለት ነው። ለካስ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2004 በተከታታይ 5 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ስጨፍርለት የነበረው፣ የቀጥቃጩን መኪና ለሚነዳ ጫማ ሠሪ ኖሯል!

«የእርስዎስ ስም?» አሉኝ። ደወሌ ላይ የተጻፈው የአባቴ ስም ነው፤ የቤተሰብ ስም የለንም ብል መዝጋቢዋ አልሰማችኝም። «ዳኛቸው» አልኳቸው፤ «የእነርሱ ዳኛ እንደ ማለት ነው።»

አዛውንቱ ብድግ አሉ። «እንግዲያው ይዳኙን! አራተኛ ፎቅ ያለው ኮህ በየማታው ሽንኩርት እያሳረረ በጭስ ጨረሰኝ።»

እየሳቅን ወጣን። አቶ ምግብ አብሳይ በር ሲከፍት ጭሱ ቀድሞት ወጣ። አንገቱ ላይ ሜትር ተንጠልጥሏል፤ ደረቱ ላይ መርፌዎች ተሰክተዋል። ሥራው ለአንድ ቲያትር ቤት ልብስ መስፋት ነው።

ፍርዴ አጭር ነበር፦ ሽንኩርት ሲጠበስ መስኮት ይከፈት። ለዳኝነቴ ያስከፈልኩትን ሠርጉ ላይ ለብሼው ጨፈርኩ፤ 10 ሳንቲ ሜትር አጥሮ፣ ትንሽ የሽንኩርት ሽታ ነበረው።