የዶሮ ቤቱን ቅንቅን እንዴት አስለቀቅሁት

ዶሮዎቼ ማታ ማታ ቆጥ ላይ አንወጣም ማለት ጀመሩ። የምኖረው ቢሾፍቱ ነው፤ ጓሮ ውስጥ ቦቫንስ ብራውን የሚባሉ ጥቂት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። ሲመሽ በር ላይ ተሰብስበው ይቆማሉ፣ ብገፋቸውም አይገቡም። እንቁላሉ ቀነሰ፣ ራሳቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋም ገረጣ። አንዲት እናት ጎረቤቴ «ልጄ፣ ሰው አይቶብሽ ነው» አሉኝ።

ቀን ላባቸውን ብገልጥ ምንም የለም። ከመሸ በኋላ የስልኬን መብራት ይዤ ገባሁና ቆጡን ከሥር በኩል በነጭ ጨርቅ ጠረግሁት። ጨርቁ በቀይ ነጠብጣብ ተዥጎረጎረ። ደም የጠጣ ቅንቅን ሲጨፈለቅ እንዲያ ነው። በማግስቱ የአጠናውን ልጣጭ በቢላ ፈነቀልኩ። ከሥሩ አመድ የመሰለ ነገር አለ፤ ትክ ብዬ ሳየው አመዱ ይንቀሳቀሳል።

ይሄኛው ቅንቅን ቀን ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል። ሌሊት ወጥቶ ደም መጥጦ ይመለሳል። ስለዚህ ዶሮዋን ብቻ መድኃኒት ብትነሰንሱ ብዙም ለውጥ የለውም፤ ጣጣው ያለው ቤቱ ላይ ነው። ባለቤቴ «ሸጠናቸው ቤቱን ትንሽ ባዶ እንተወው» ብሎ ነበር። አይሆንም፤ ቅንቅን ያለ ደም ወራት ይቆያል።

ዶሮዎቹን ሌላ ቦታ አዛወርኩና ጉዝጓዙን አውጥቼ አቃጠልኩ። ልጣጭ ያለበትን አጠና በሙሉ ነቅዬ በተላገ ጣውላ ተካሁት። ከሁሉም የጠቀመኝ ይሄ ነው ባይ ነኝ። ከዚያ የሚንተከተክ ውሃ በየስንጥቁና እንቁላል በሚጥሉበት ሳጥን ማዕዘን ሁሉ ደፋሁ። ሲደርቅ ኖራ በጥብጬ ስንጥቁን እየሞላሁ ግድግዳውን ቀባሁ። ላምባ አርከፍክፊበት ያሉኝም ነበሩ። የእንጨት ቤት ላይ ላምባ? ይቅርብኝ።

አዲሱን ቆጥ ከግድግዳ አራቅሁትና እግሮቹን የተቃጠለ ዘይት ያለባቸው ጠባብ ጣሳዎች ውስጥ አቆምኩ። ከታች የሚወጣው እዚያው ይቀራል።

ፈላ ውሃውን ከሳምንት በኋላ ደገምኩት። ሙቀት ባለበት ቅንቅን በሳምንት ገደማ ከእንቁላል ተነስቶ ለአቅመ መራባት ይደርሳል፤ አንድ ዙር ብቻ ሠርቶ መተው ድካም ነው። የሚረጭ መድኃኒት የምትፈልጉ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ። ለእንቁላል ጣይ ዶሮ ይፈቀዳል ወይ፣ እንቁላሉስ ለስንት ቀን አይበላም ብላችሁ ጠይቁ። ይህን የማይመልስ ሻጭ ጋ ገንዘባችሁን አታውጡ።

ዶሮዎቹ ሲመለሱ የመጀመሪያውን ማታ ተጠራጥረው ነበር። ኋላ ላይ ግን ራሳቸው ወጡ፣ እንቁላሉም ቀስ በቀስ ተስተካከለ።

ጣሪያው ሥር ጎጆ የሠሩት ድንቢጦች ጉዳይ ቀረኝ። ቅንቅን ከዱር ወፍም ይመጣል። ጫጩቶቻቸው በረው እስኪሄዱ ጠበቅሁና ቀዳዳውን በወንፊት ሽቦ ደፈንኩት። ከሌላ አርቢ የመጣ ያገለገለ ሳጥንም ፈላ ውሃ ሳይነካው በሬን አያልፍም።