ሰዓቱን ማን ነገራችሁ?

ጥር 2017፣ ደብረ ብርሃን

ትናንት ማታ ሰፈራችን ጋቢውን ተከናንቦ ደጅ ወጣ። አንድ የድምፅ መልእክት ከስልክ ስልክ ሲዞር ነው የዋለው፤ «ዛሬ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከባድ ርዕደ መሬት ይመጣል፣ ሱናሚም ይከተላል» የሚል። የአገራችንን የጥር ውርጭ የሚያውቅ ሰው ምን ያህል እንደፈራን ይገባዋል። 4 ሰዓት ሆነ፤ ምንም የለም። 6 ሰዓት ሲሆን ሁሉም እያጉረመረመ ገባ።

በሱናሚው እንኳን ኋላ ስቄያለሁ። ሱናሚ የባሕር ወለል ድንገት ሲነቃነቅ የሚነሳ ማዕበል ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ሱማትራ አጠገብ የተነሳው ሶማሊያ ድረስ መጥቶ ሰው ገድሏል። እኛ ግን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ነው የምንኖረው።

መንቀጥቀጡ ግን ቀልድ አይደለም። ታኅሣሥ 26 ሊነጋጋ ሲል አልጋዬ እየተወዛወዘ ነው የነቃሁት። መጠኑን አንዱ ተቋም 5.7፣ ሌላው 5.8 አለ። ያኔ አንዱ ዋሽቷል ብዬ ነበር። ለካ መሣሪያና ስሌቱ ስለሚለያይ እንዲህ ያለ ትንሽ ልዩነት የተለመደ ነው። ምንጩ ከአንኮበር ገደል ማዶ ቆላው ውስጥ፣ ፈንታሌና ዶፈን የተባሉት የእሳተ ገሞራ ተራሮች አካባቢ ነው። ከሥር ቅልጥ አለት እየገፋ መሬቱን ይሰነጥቀዋል።

አያቴ የማጀቴ ከተማ ልጅ ናት። የ1953ቱ የካራቆሬ ርዕደ መሬት ማጀቴን ሲያፈርስ ትንሽ ልጅ ነበረች። ትናንት ከአልጋዋ አልወረደችም። «ለመሆኑ ሰዓቱን ማን ነገራችሁ? ያኔ ለኛ ማንም አልነገረን» አለችን።

ነገሩ ይኸው ነው። ቀንና ሰዓት ቆርጦ መናገር የሚችል ሳይንስ እስካሁን የለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ባለሙያዎችም ሆኑ የአሜሪካው የጂኦሎጂ ተቋም የሚነግሩን የሆነውን ነው፤ የት፣ መቼ፣ ስንት። ሰዓት የሚጠራውን ከእንግዲህ አላዳምጥም።

ባለሙያዎቹ ከራስጌ ከባድ ነገር አትስቀሉ ይላሉ። ጠዋት ከአያቴ አልጋ በላይ ያለውን ትልቁን የሥላሴ ሥዕል ላወርድ ተነሳሁ።

«ሥላሴን ከራስጌዬ? አንተ ልጅ፣ አብደሃል!»

ምስማሩን በወፍራም ቀየርኩት። አልጋዋን ደግሞ ቡና ስታፈላ ቀስ ብዬ ወደ በሩ አስጠጋሁት።