ኖሮ የሌለበት

ዛሬ ዝም ብሎ ደብሮኛል። ምክንያቱን ንገረን ካላችሁ ዝናቡ ነው እላለሁ። ሰኔ ገና ከመግባቱ ደብረ ማርቆስ ቀኑን ሙሉ መሽቶባታል። ከጮቄ በኩል የሚመጣው ብርድ ጋቢ አያግደውም። መብራት ከ9 ሰዓት ጀምሮ የለም። ስልኬን ደግሞ ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ስለ እሱ በኋላ።

በሻማ የ10ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና እያረምሁ ነው። 58 ወረቀት። ተራ ቁጥር 14 ላይ ሁሉም ተማክረው የጻፉ ይመስል «ኢፍ አይ አም ዩ» ብለዋል። ሁሉም አይባልም፤ «ዌር» ያሉ ሦስት አሉ። ሦስቱም አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት።

በልጆቹ አልፈርድም። «ከአይ ጋር ዌር አይሄድም» ብዬ ሰሌዳው ላይ በትልቁ የጻፍሁላቸው እኔው ነኝ። ቆይቼ «ኢፍ ሲኖር ግን ይሄዳል» ስላቸው አንዱ ከኋላ ተነሣ። «ቲቸር፣ ዌር ያለፈ ጊዜ ነው ብለውን ነበር። ነገሩ ግን የአሁን ነው።» እውነቱን ነው። እኔም ጥያቄውን መለስሁበት፤ «ገንዘብ ቢኖረኝ እገዛ ነበር» ስትል ገንዘብ ያጣኸው ዛሬ ነው፤ ታዲያ «ነበር»ን ምን አመጣው? ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ጸጥ አልሁ። ለካ እኛም የማይሆነውን ነገር የምናርቀው ወደ ትናንት እየገፋን ነው።

እንግሊዝኛ የ«ኢፍ» ዓረፍተ ነገርን በአራት ይከፍለዋል፦ ዜሮ ሁሌ እውነት ለሆነ፣ አንደኛ ሊሆን ለሚችል፣ ሁለተኛ አሁን ለማይሆን፣ ሦስተኛ ሳይሆን ላለፈ። ዜሮ የሚባለው ዓይነት ቀላል ነው ይባላል። ሁሌ የሚሰጠው ምሳሌ «ውሃን 100 ዲግሪ ካሞቁት ይፈላል» ነው፤ የማይለወጥ እውነት ስለሆነ ሁለቱም ግሶች በአሁን ጊዜ ይቀመጣሉ። የፊዚክሱ ጓደኛዬ በዚህ ይስቅብኛል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ትላለች። እዚህ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይንተከተካል። የማይለወጠው እውነት እኛ ዳገት ላይ ሲደርስ 8 ዲግሪ ይጎድለዋል።

አንደኛውን እናቴ ታበላሽብኛለች። ለሚሆን ነገር «ከ» ነው፤ ከዘነበ እቀራለሁ። እሷ ግን ስለ ነገ ስታወራ «ከ» ከአፏ አይወጣም። «ለመስቀል እመጣለሁ» ስላት «ቢያደርሰን» ትላለች። «ካደረሰን» ማለት ለእሷ ድፍረት ነው፤ የእግዜርን ሥራ መቀማት። ይኸን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛው ሁለተኛ ዓይነት ብትመልሱት መስቀልን እንደማታይ የቆረጠች ሴት ትመስላለች። እሷ ግን የጠላውን ጌሾ ከአሁኑ ገዝታ አስቀምጣለች።

ዋናው ጣጣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ነው። «ቢያውቅ ይነግረኝ ነበር» እንላለን። አሁን አያውቅም ማለት ነው? ወይስ ያን ጊዜ አላወቀም ነበር? እንግሊዝኛ ምረጥ ይላል። ዛሬ የማያውቅ ከሆነ «ኢፍ ሂ ኒው»፤ ያኔ ያላወቀ ከሆነ «ኢፍ ሂ ሃድ ኖውን»። እኛ ዘንድ «ኖሮ» ስትጨመርበት ወደ ያለፈው ያዘነብላል። «አውቆ ቢሆን ኖሮ» ከተባለ ደግሞ አለቀ፣ ተዘጋ። ኖሮ ከሌለበት ግን በሩ ገርበብ እንዳለ ነው።

እንግዲህ ስልኩ። ቀትር ላይ ባሕር ዳር ትቻት የመጣኋት ልጅ ጻፈችልኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት ወደዚህ ስመደብ ምንም ሳንባባል ነው የተለያየነው። የጻፈችው ይኸን ብቻ ነው፦

«ብትጠይቀኝ እኮ እመጣ ነበር»

ሰላምታ የለው። አራት ነጥብ እንኳ የለው።

ሁለተኛ ነው ሦስተኛ? ያኔ ሳትጠይቀኝ ቀረህ ነው? ወይስ አሁንም ብትጠይቀኝ? ኖሮ የለበትም። አምስት ጊዜ አየሁት፣ የለበትም። በቀይ እስክሪብቶ ልከብበው ምንም አልቀረኝም። ደግሞ አስባለሁ፤ ይህች ሴት «እሺ»ን «ሺ» ብላ የምትጽፍ ናት። ለአንዲት ፊደል የሰነፈች ለኖሮ ምን ጉልበት ይኖራታል?

አጎቴ ቢሰማኝ ይስቅ ነበር። ዋሸራ ቅኔ ቤት ቅኔ ሲቀጽል የኖረ ሰው ነው፤ ግእዝ እንዲህ አያንገላታም ይላል። ሊሆን ለሚችለው «እመ» አለ። ሳይሆን ለቀረው «ሶበ» ይመጣና ማሰሪያው ግስ ላይ «እም» ይለጠፋል። ሁሌ የሚጠቅሰው ማርታን ነው፤ «ሶበ ሀሎከ ዝየ እምኢሞተ እኁየ»። እዚህ ብትኖር ኖሮ ወንድሜ ባልሞተ ነበር። ጥርት ያለ ሦስተኛ ዓይነት። በሩ ጥርቅም ብሏል፤ አልዓዛር ከተቀበረ 4 ቀኑ። ሰዋስዋ አንድ እንከን አይወጣለትም፣ ሙሉ ነጥብ ነው። ከዚያ ወንድምየው ከነመግነዙ ወጣ።

ይኸን ሳስብ ለትንሽ ጊዜ ደስ አለኝ። ወዲያው ትዝ ሲለኝ እነሱ አራት ቀን ነው፣ እኛ ሦስት ዓመታችን ነው።

ወረቀቶቹ አሁንም 14ኛው ላይ ቆመዋል። ሻማው ሊያልቅ ነው። ስልኩን ገልብጬ አነሣሁትና «ብጠይቅሽስ?» ብዬ ጻፍሁ። ሳልልከው መልሼ አነበብሁት። ኢፉ አለ፣ ዋናው ዓረፍተ ነገር የለም። ተማሪ እንዲህ አድርጎ ቢያመጣልኝ ዜሮ እሰጠው ነበር።