ያቺ የ1909 ሳንቲም

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሆድ ሲብሰኝ ዋለ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ እሁድ ሲመሽ እንዲህ ያደርገኛል። ከባንክ ያመጣሁትን የሳንቲም ጥቅል ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። እ.ኤ.አ. በ1909 የታተመችውን ያቺን የአሜሪካ አንድ ሳንቲም ስንት ዓመት እንደፈለግኳት ታውቃላችሁ።

በአንድ ፊቷ ሊንከን፣ በጀርባዋ ሁለት የስንዴ ዛላ። ከዛላዎቹ ግርጌ ሦስት ደቃቅ ፊደላት አሉ፤ ቪ፣ ዲ፣ ቢ። ከፊቷ ደግሞ ከዓመቱ ስር ኤስ የምትል ፊደል አለች፣ ሳንፍራንሲስኮ ነው የታተመችው ለማለት። ሁለቱም ያሉባት 484,000 ብቻ ነች። ኤስ የሌላት፣ ፊላደልፊያ የታተመችዋ ግን ወደ 28 ሚሊዮን ስለምትጠጋ እሷን በርካሽ ገዝቻለሁ። የሳንፍራንሲስኮዋ ግን ተፍቃ ያለቀችው እንኳ ብዙ መቶ ዶላር ታወጣለች። አጭበርባሪዎች ደግሞ ተራዋ ላይ ኤስ ለጥፈው ይሸጣሉ፣ ስለዚህ የፊደሏን ዙሪያ በአጉሊ መነፅር ሳላይ ማንንም አላምንም።

ዛሬም አላገኘኋትም። የፊላደልፊያዋን አንስቼ ፊደሎቹን ሳይ ግን ሰውዬው ትዝ አለኝ። ቪክተር ዴቪድ ብሬነር። ሊትዌኒያ ተወልዶ፣ ሙያውን ከአባቱ ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1890 አሜሪካ የገባ ስደተኛ ነው። ሊንከን በተወለደ በመቶኛው ዓመት ይቺን ሳንቲም ቀረፀና የስሙን መነሻ ፊደሎች ጀርባዋ ላይ አኖረ። ኦገስት 2 ቀን ወጣች። ስሙ በጣም ጎልቷል ተብሎ ጫጫታ ተነሳ፣ በቀናት ውስጥ ፊደሎቹ እንዲነሱ ተደረገ። በ1918 ተመለሱለት፤ ግን ሊንከን ትከሻ ጠርዝ ላይ፣ ዓይን አጥርቶ በማያያቸው መጠን።

ይኼ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ሰው በእጁ ለሠራው ነገር ሦስት ፊደል ይበዛበታል?

ይህን እያሰብኩ እጄ ወደ አንገቴ ሄደ። የእቴቴ መስቀል። ሁለት ጠገራ ብር ሰጥታ ነው ያሠራቻት፣ ያ መቼም ይታተም መቼ 1780 የሚለውን ጠገራ። አንጥረኛው አቅልጦ መስቀል አደረገላት። አውልቄ መነፅሩን ደቀንኩባት። ጠርዟን የከበቡት ጉብታዎች እኩል አይደሉም። በግራ ክንዷ በኩል አንዱ ዘንበል ብሏል፣ መዶሻው ትንሽ ስቶት ይመስለኛል። ገለበጥኳት። ጀርባዋ ልሙጥ ነው።

እማዬ ጋ ደወልኩ። እዚያ ሊነጋጋ ነው፣ ለኪዳን ስትነሳ አገኘኋት።

«የእቴቴን መስቀል የሠራው ማን ነበር?»

«አንጥረኛው ነዋ።»

«ስሙን ነው እማዬ።»

ዝም አለች። ከዚያ ድምጿን ቀነስ አድርጋ «ጠይቡ ነበር የምንለው። በስሙ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም ልጄ» አለችኝ።

የእጁን ሥራ አንገታችን ላይ አንጠልጥለን፣ እሱን ግን ቡዳ ነው ብለን የምንሸሸው እኛ ነበርን። ብሬነር ፊደሎቹ ተነሱበት፣ ግን መጀመሪያ ጽፏቸው ነበር። የኛ ሰውዬ ልጻፍ ቢልስ ማን ይፈቅድለት ነበር?

ሳንቲሞቹን ገና አልሰበሰብኳቸውም። እማዬ ሰፈር ያሉትን ትልልቅ ሰዎች እጠይቃለሁ ብላለች። ስልኩን ልትዘጋ ስትል «አንዲት ልጅ ነበረችው መሰለኝ፣ የኔ እኩያ። በራችን ላይ ቆማ ታየን ነበር» አለች።

የልጅቷስ ስም ማን ነበር?